ሞዴል አውሮፕላን ይዞ ወደ ናይሮቢ ትዕይንት መሄድ፦ ባትሪው፣ ወረቀቱና አየሩ

ጥያቄ፦ ከሱሉልታ

ጤና ይስጥልኝ። ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ የምኖር ሰው ስሆን፣ ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር በትርፍ ጊዜያችን ሞዴል አውሮፕላን እንሠራለን። ናይሮቢ ያሉ የዚሁ ሥራ ወዳጆች በሚያዘጋጁት ትዕይንት ላይ ሥራችንን ይዘን እንድንቀርብ ጋብዘውናል፤ ልጆቹም ግብዣውን ከሰሙ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም።

ሁለት አውሮፕላኖች ልንወስድ አስበናል። አንዷ የ«ፀሐይ» ሞዴል ናት። በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች አዲስ አበባ ላይ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. የበረረችውን፣ በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ የበቃችውን አውሮፕላን ማለቴ ነው። የሞዴሏ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 160 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ክንፉን የሚሸከመው ዘንግ ከእንጪኒ የመጣ ቀርከሃ ነው። ልጆቹ ቀርከሃውን በቁመቱ ሰንጥቀው፣ አንጓ አንጓውን በብርጭቆ ወረቀት ልገው፣ ሁለት ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ በማጣበቅ አዘጋጅተውታል። ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት እዚህ እንደ ልብ ስለማይገኝ የጀመርነው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ባልሳ ቢገኝም የምንለውጠው አይመስለኝም። ሁለተኛው ከፎም የተሠራ፣ ፈቃድ ባገኘንበት ሜዳ ላይ የምንለማመድበት አውሮፕላን ነው። የሚበረው በባለ3 ሴል፣ 2200 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ነው። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ባለ6 ሴል፣ 5000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሆነ ትልቅ ባትሪ ለመውሰድ ይፈልጋል።

በአየር መሄድ ይሻለናል ወይስ በሞያሌ በኩል? ባትሪዎቹን በምን ሁኔታ እንያዝ? ስንመለስ የገዛ ዕቃችንን እንደ አዲስ ገቢ ዕቃ ቀረጥ እንዳንጠየቅበት ምን እናድርግ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ ከገላን

በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። በአገር ውስጥ ቀርከሃ የተሠራች «ፀሐይ» በሌላ አገር ጠረጴዛ ላይ ቆማ ለማየት እኔም እመኛለሁ።

እኔ የምመልሰው ስለ ባትሪው ነው፤ ኤርፖርት ላይ አብዛኛውን ሰው የሚያስቆመው እርሱ ስለሆነ። አየር መንገዶች የሚመለከቱት ሚሊአምፔሩን ሳይሆን ዋት-ሰዓቱን ነው። የባትሪውን ቮልት በአምፔር-ሰዓቱ ስታባዙት ይገኛል። የእናንተ ባለ3 ሴል ባትሪ 11.1 ቮልት ስለሆነ በ2.2 ሲባዛ 24.4 ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ስለሆነ መንገደኛ በእጅ ሻንጣው ይዞት መሳፈር ይችላል። የጓደኛችሁ ባለ6 ሴል ግን 22.2 ቮልት በ5 ሲባዛ 111 ዋት-ሰዓት ነው። ከ100 በላይ እስከ 160 ዋት-ሰዓት የሆነ መለዋወጫ ባትሪ ከአየር መንገዱ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ ቢፈቀድም ለአንድ ሰው ከሁለት አይበልጥም። ከ160 በላይ የሆነ በመንገደኛ አውሮፕላን በሻንጣም በእጅም አይሄድም። ስለዚህ ያንን ትልቅ ባትሪ ቤት ትታችሁት ብትሄዱ ወይም ከናይሮቢ ወዳጆቻችሁ ብትዋሱ እመክራለሁ። በአንድ ባትሪ ምክንያት ልጆቹን ይዞ ቆጣሪ ፊት መከራከር አያስፈልግም።

ከአውሮፕላኑ ተነቅሎ የተቀመጠ ማንኛውም የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሊፖ ከተጎዳ ወይም ገመዶቹ ከተነካኩ ራሱን በራሱ እያጋለ ይቀጣጠላል፤ በካቢን ውስጥ ከሆነ አስተናጋጆች ደርሰው ያጠፉታል፣ በዕቃ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ማንም አይደርስበትም። የእያንዳንዱን ባትሪ መሰኪያ ጫፍ በናስትሮ ጠቅልሉት፣ ሴሎቹን እኩል ለመሙላት የምታገለግለውን የቀጭኗን የባላንስ ገመድ መሰኪያም አትርሱ፤ ሰዎች ትልቁን ሸፍነው ትንሿን ይተዋሉ። ከዚያ እያንዳንዱን ለየብቻው በከረጢት ክተቱት። ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁም አትጓዙ፤ በአንድ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ የሆነው የማስቀመጫ መጠን ለባትሪው ዕድሜም ለደኅንነቱም ይሻላል። መለያው የተላጠ ወይም ያበጠ ባትሪ ካለ ደግሞ አትውሰዱት። ፈታሹ መጠኑን ማንበብ ካልቻለ ሊያሳልፈው አይገደድም፤ ያበጠው ደግሞ የትም መሄድ የለበትም።

በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ያለው ሰው ከእናንተ ጋር ካለ፣ የሜታኖል ነዳጅ በአውሮፕላን አይጫንም፤ ነዳጅ የሸተተ ሞተርም ሊመለስበት ይችላል። ቀለምና ማቅጠኛም እንዲሁ።

መልስ 2፦ ትራንዚተር፣ ከለገጣፎ

ቀረጥን በተመለከተ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው ሲመለስ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕቃው ከዚህ እንደ ወጣ የሚያስረዳበት ወረቀት አይኖረውም። የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 በጊዜያዊነት ወጥተው ለሚመለሱ ዕቃዎች የራሱ ሥርዓት አለው፤ ዋናው ነገር ስትወጡ ማስመዝገብና የተመዘገበበትን ሰነድ እስክትመለሱ መያዝ ነው።

በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ፋብሪካ ያተመበት መለያ ቁጥር ስለሌለው ማንነቱን እናንተ ልታበጁለት ይገባል። ከሆዱ ሥር በማይለቅ ቀለም ምልክት ጻፉበት፣ ምልክቱ በሚታይበት አኳኋን ፎቶ አንሱት፣ ፎቶውን ከዝርዝሩ ጋር አያይዙት። ዝርዝሩ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን፤ የሬዲዮ መቆጣጠሪያው፣ የመቀበያው፣ የሞተሩና የሰርቮዎቹ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትናንሽ ሞተሮች) ዓይነት፣ ቁጥር ካላቸውም ቁጥራቸው ይጻፍ። ዋጋውንም በእውነት ጻፉት። ዋጋን ማሳነስ የሚጠቅም ቢመስልም ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ካሳ መጠየቂያ ያሳጣችኋል። በኬንያ በኩልም የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የጉምሩክ ሕግ ዕቃን ለጊዜው አስገብቶ መልሶ ማስወጣትን ያውቃል፤ ሲገቡ መያዣ ሊጠየቅ ስለሚችል የጋባዦቻችሁን ደብዳቤ በእጃችሁ ያዙ። ደብዳቤው ትዕይንቱ የሚካሄድበትን ቦታና ቀን፣ አውሮፕላኖቹ ለሽያጭ ያልመጡና የሚመለሱ መሆናቸውን በግልጽ ቢናገር መልካም ነው።

ከጉምሩኩ የሚከብደው የፈቃዱ ጉዳይ ነው። በአገራችን ድሮንን ለማስገባትም ሆነ ለመጠቀም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ይያዛል። የእናንተ ካሜራ የሌለው ባለክንፍ አውሮፕላን መሆኑ ለእናንተ ግልጽ ነው፤ ፈታሹ የሚያየው ግን በሬዲዮ የሚታዘዝ ሰው አልባ በራሪ ነው። በዚህ አትቀየሙት፣ ሥራው ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ ብዙ ሳምንታት አስቀድማችሁ ለአስተዳደሩ በደብዳቤ አመልክቱ፤ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን መመለሱን ጭምር ጠቅሳችሁ ጠይቁ። በኬንያ ደግሞ ሰው አልባ በራሪዎችን የሚቆጣጠረው የኬንያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱን ጋባዦቻችሁ እዚያው ሆነው ቢጠይቁላችሁ እናንተ ከዚህ ከምትጽፉት ይፈጥናል።

በሞያሌ ከሄዳችሁ ከአዲስ አበባ እስከ ድንበሩ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ እስከ ናይሮቢም ከዚያው የማይተናነስ መንገድ ይቀራል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ ፍተሻውን በአንድ ወገን እንድትጨርሱ ያደርጋል፤ ማለትም ስትወጡ የኢትዮጵያም የኬንያም ሠራተኞች በኬንያ በኩል ባለው ሕንፃ ውስጥ ይገኛሉ። ይህን ያላወቀ መንገደኛ የኢትዮጵያን ጉምሩክ ማኅተም ሳያስመታ ሊያልፍ ይችላልና ከሁለቱም ማግኘታችሁን አረጋግጡ። ለኢትዮጵያውያን ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም፤ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያዙ። ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሉ የወላጆቻቸው ስምምነት በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ይሁን።

ከጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፈቃዱ ባይደርስልን «ፀሐይ»ን ያለ ሬዲዮ፣ ያለ ባትሪ፣ ለእይታ ብቻ ብንወስዳት ትርጉም ይኖረዋል? ልጆቹ ካልበረረች ምን ዋጋ አለው ይላሉ።

መልስ 3፦ ከዊንድዘር፣ ካናዳ

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ አሁን የምኖረው ግን ከአሜሪካ ድንበር ላይ ባለችው በዊንድዘር ከተማ ነው። ጥያቄዎን ሳነብ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ አካባቢ ያሉ የሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ድንበር መሻገርን የኖሩበት ስለሆነ ነው። በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ሲካሄድ ወደኖረው ትዕይንት ከኦንታሪዮ ብዙ ሰው ይሄድ ነበር። የአምባሳደር ድልድይን ወይም ከወንዙ ሥር የሚያልፈውን ዋሻ ተሻግሮ ዲትሮይት ይገባል፣ ከዚያ ቶሌዶ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ናት።

ልጆቹ ማወቅ ያለባቸው፣ ያ ትዕይንት ይካሄድ የነበረው በአዳራሽ ውስጥ መሆኑን ነው። የተከበሩት አውሮፕላኖች ጠረጴዛ ላይ ቆመው ይመዘኑ ነበር፤ ዳኞች ጎንበስ ብለው የክንፉን ሽፋን አጣበቅ፣ የመሪዎቹን ማጠፊያ፣ የፓይለቱን ወንበር ሳይቀር ይመለከቱ ነበር። ሰው ከሩቅ ይመጣ የነበረው ሌላው እንዴት እንደሠራው ለመጠየቅ ነው፤ በዚህ ላይ የአንጓው ቀርከሃ ከማንኛውም በረራ የበለጠ ሰው ያስቆማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ «ፀሐይ» ያለ ሬዲዮና ያለ ባትሪ ብትሄድ ምንም አልጎደለባትም። ሽፋን ያልለበሰ የክንፍ ቁራጭ ሠርታችሁ አብራችሁ ውሰዱ፤ ሰው በእጁ ይዞ ውስጡን ይይ። አሠራሩን የሚያሳዩ ፎቶዎችም ይጠቅማሉ።

ስለ መመለሻውም አንድ ቃል። እኛ ከዚያ ሞተርና ሰርቮ ገዝተን ስንመለስ ለካናዳ ጉምሩክ ደረሰኝ እናሳያለን፤ ከ24 ሰዓት በላይ ለቆየ 200፣ ከ48 ሰዓት በላይ ለቆየ 800 የካናዳ ዶላር ያህል ዕቃ ያለ ቀረጥ ይፈቀዳል፣ በዚያው ቀን ለተመለሰ ግን ምንም የለም። የእናንተ ሕግ ሌላ ነው፤ ልማዱ ግን ይጠቅማችኋል። ይዛችሁት የወጣችሁትንና እዚያ የገዛችሁትን በሁለት ካርቶን ለዩ፣ የተገዛውን ከነደረሰኙ አስቀምጡ። የተደባለቀ ካርቶን ሁለቱንም ያስጠረጥራል።

መልስ 4፦ ጡረተኛ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ ከአያት

ሁሉም ጥሩ ተናግረዋል፤ የቀረው አየሩ ነው። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ትላለች፣ ናይሮቢ ግን ወደ 1700 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ የናይሮቢ አየር ከሱሉልታው 10 በመቶ ያህል ይወፍራል። ፎሙን አውሮፕላን እዚያ ካበረራችሁት ያው ፕሮፔለር በወፍራም አየር ውስጥ ይከብደዋል፤ ሞተሩ የሚስበው አምፔር በዚያው መጠን ይጨምራል። እዚህ ከአቅሙ ጫፍ ላይ የሚሠራ የፍጥነት መቆጣጠሪያ እዚያ ሊቃጠል ይችላል። በዋት ሜትር እዚህ የሚስበውን ለኩና ጻፉት፣ እዚያ መጀመሪያ መሬት ላይ ይዛችሁ እንደገና ለኩት፤ ከበዛ ፒቹ (የምላጩ ዘንበል መጠን) አነስ ያለ ፕሮፔለር ግጠሙ። ለናይሮቢ ትንሽ መቀነስ ይበቃል። እንደ ጅቡቲና ሞምባሳ ያለ የባሕር ዳር ቦታ ቢሆን ግን ልዩነቱ ወደ 30 በመቶ ስለሚጠጋ በዲያሜትሩም አንድ ኢንች ያህል መውረድ ያስፈልጋል።

በበረራውም ለውጥ ታያላችሁ። በወፍራም አየር ክንፉ ባነሰ ፍጥነት ይሸከማል፤ ለማረፍ ስትመጡ አውሮፕላኑ ከለመዳችሁት ቦታ አልፎ ይንሳፈፋል፣ ልጆቹ ይህን ካልሰሙ ሜዳው አለቀ ብለው በድንጋጤ አፍንጫውን ይደፉታል። ከሩቅ ጀምሮ ኃይል መቀነስን አስተምሯቸው።

ማሸጉን በተመለከተ፣ በአየር ከሄዳችሁ የሚጫን ሻንጣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ የሚል ልክ አለ፤ ከዚያ ሲያልፍ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። 160 ሴንቲ ሜትር የሆነው ክንፍ ከመሐል ካልተከፈለ በዚህ ልክ አይገባም። ክንፉ ሁለት ቦታ የሚለያይ ከሆነ እያንዳንዱ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከአካሉ ጋር በአንድ ካርቶን ይተኛል። ካልሆነ ጊዜ ሳለ መሐሉን ቁረጡትና በካርቦን ወይም በአሉሚኒየም ቱቦ የሚገጣጠም አድርጉት። ልጆቹ ስንት ወር የለፉበትን ዘንግ ቁረጡ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ በደንብ ከተሠራ መጋጠሚያው ከዘንጉ አይደክምም። በመኪና በሞያሌ ከሄዳችሁ ይህ ልክ አያስጨንቃችሁም፤ ነገር ግን ከያቤሎ ወዲያ ቆላ ስለሆነ በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ባትሪም ሆነ በሙቀት የተወጠረ የላስቲክ ሽፋን አትተዉ። ባትሪው ይጎዳል፣ ሽፋኑም ይረግባል።

ከጠያቂው፦

አባታችን፣ ክንፉ ባለ አንድ ወጥ ነው። ልጆቹን ዛሬ ማታ ሰብስቤ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ኋላ ግን ከመካከላቸው አንዷ መጋጠሚያውን ራሷ ለመሥራት ተነሣች። «ፀሐይ» በአየር፣ ለእይታ፣ ያለ ባትሪ ትሄዳለች። የፎሙ አውሮፕላን ፈቃዱ ከደረሰ አብሮን ይሄዳል፣ ካልደረሰ ይቀራል። ለመረብ ደኅንነት አስተዳደር የምናስገባውን ማመልከቻና የዕቃውን ዝርዝር አሁን እያረቀቅሁ ነው፤ ትራንዚተሩ ወንድማችን ከፈቀዱ ከማስገባቴ በፊት እዚሁ አቅርቤው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።