መምህሩ ካረፉ በኋላ አምስተኛው ካታ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦
መምህራችን ካረፉ ሰባት ወር ሆናቸው። የራሳቸውን የካራቴ ስልት መሥርተው ሠላሳ ዓመት ያህል አስተምረዋል። ትተውልን የሄዱት ዘጠኝ ካታ (ተራቸው የተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅንብሮች)፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ ደብተርና የማንስማማ አራት ባለ ጥቁር ቀበቶዎችን ነው።

ጠቡ የተነሣው ከአምስተኛው ካታ ነው። መምህሩ ከዞሩ በኋላ ግራ እግራቸውን በጣታቸው ብቻ ነካ አድርገው ያልፉ ነበር። ታናናሾቹ «የስልቱ ምሥጢር ይህ ነው» ይላሉ። እኔ ግን የተማርኩት ጉልበታቸው ከመጎዳቱ በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ተረከዛቸው ወለሉን ሲመታ እስከ በሩ ይሰማ ነበር። ደብተሩ «ዙር፣ ቁም፣ ምታ» ከማለት በቀር ምንም አይልም። ለሚመጡት ልጆች የትኛውን እናስተምር?

መልስ 1፦
ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። እኔ አይኪዶ እለማመዳለሁ። የአይኪዶ መሥራች ሞሪሄይ ዌሺባ በ1969 (የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሲያርፉ፣ ተማሪያቸው ጎዞ ሺዮዳ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተማሩትን ይዘው ነበር፤ ሌላው ተማሪያቸው ሞሪሂሮ ሳይቶ ደግሞ ከ1946 ጀምሮ በጃፓኗ ኢዋማ ውስጥ ሰይፍና በትር አብረዋቸው ተለማምደዋል። መምህሩ አንድ፣ ዕድሜያቸው ግን የተለያየ። ስለዚህ ካታውን በየአንዳንዳችሁ አኳኋን ቅረጹ፤ ማን ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው እንደተማረም አብራችሁ ጻፉ። ከኋላም መቅረጽ አትርሱ፤ የወገብ አዟዟር ከፊት አይታይም።

መልስ 2፦
ቀረጻ ጥሩ ነው፤ ከመለያየት ግን አያድንም። ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ቴኳንዶአቸውን በ15 ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ አስፍረው፣ 24ቱን ቱል (የቴኳንዶ ካታዎች) እርምጃ በእርምጃ አብራርተው ነው በ2002 ያረፉት። ድርጅታቸው ግን ያንኑ ስም የያዙ ሦስት ድርጅቶች ሆነ። ማሱታትሱ ኦያማ በ1994 ካረፉ በኋላ የመሠረቱት የካራቴ ስልት የኪዮኩሺን ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። የካራቴው መምህር ፉናኮሺ በ1957 ሲያርፉማ ተማሪዎቻቸው በቀብሩ ጭምር ተጣልተዋል። (ፉናኮሺ፣ ዌሺባና ኦያማ ሦስቱም ያረፉት ኤፕሪል 26 ቀን ነው፤ አጋጣሚ ነው፣ ግን ይገርመኛል።)

እኔን ብትጠይቁኝ እግሩ ሰበብ ነው። የዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ምስክር ወረቀት ላይ ማን ይፈርማል? የስልቱ ስም የቤተሰቡ ነው ወይስ የእናንተ? ሳትኳረፉ ይህን በጽሑፍ አስቀምጡ።

መልስ 3፦
መምህራችሁ ራሳቸው ለውጠውት ቢሆንስ? የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ በ1895 የወጣውን የጁዶ የመጣያ ስልቶች ዝርዝር በ1920 በሕይወት እያሉ አሻሽለውታል። ስልቶች ወጡ፣ ሌሎች ገቡ፤ «የጥንቱ ይበልጣል» የሚል ሰው ከመሥራቹ ጋር መከራከሩ ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አራታችንም ተሰበሰብን። ታናሹን ተረከዙን እንዲያሳርፍ ለመንኩት፤ አሳረፈ፣ ቆሞም ቀረ፤ ቀጣዩ ምት ዘገየበት፣ ሲያርፍ ግን ከበደ። ከዚያ እኔ በጣቴ ሞከርኩ። እያፈርኩ ነው የምጽፈው፦ ፈጠንኩ። ጉልበታቸው አስገድዷቸው የጀመሩትን በኋላ ወደውት ይሆናል። ሁለቱንም ከፊትና ከኋላ ቀርጸናል። የፊርማውን ነገር ሳነሣ ግን ሁሉም ቦርሳውን መሸከፍ ጀመረ።