የገና ሰሞን በኬረላ ቤተ መንግሥት፦ ለጀማሪ አድማጭ ምን ትመክራላችሁ?

የክራር መምህር (ለገጣፎ)
ጤና ይስጥልኝ። ለገጣፎ ውስጥ ለሰፈራችን ልጆች ክራር አስተምራለሁ። ሁለት ዓመት ገንዘብ ሳጠራቅም የቆየሁት በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላዋ ቲሩቫናንታፑራም ከተማ፣ በኩቲራ ማሊካ ቤተ መንግሥት በየዓመቱ የሚካሄደውን የስዋቲ ሳንጊቶትሳቫም የሙዚቃ በዓል ለመታደም ነው። ይሁንና በዓሉ የሚከፈተው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ በመሆኑ ከገናችን ጋር ይጋጫል፤ እናቴም ገናን ያለ እኔ አሳልፋ አታውቅም። ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ በበዓሉ ስለሚቀርበው ካርናቲክ ስለሚባለው የደቡብ ሕንድ ጥንታዊ ሙዚቃ ያለኝ ዕውቀት በስልክ ከሰማሁት አለማለፉ ነው። አንዱ ዜማ ረዘም ሲል የት እንደደረስን ይጠፋብኛል። ምንም ሳይገባኝ እንዳልመለስ በምን ልዘጋጅ?

ዜማ ወዳድ (ሱሉልታ)
ወንድሜ፣ ኬረላ ስማር ሳለሁ ሦስት ምሽት ታድሜያለሁ። መግቢያው በነፃ ነበር። በመጀመሪያ ሊያውቁት የሚገባው፣ በዚያ መድረክ የሚቀርቡት የአንድ ሰው ድርሰቶች ብቻ መሆናቸውን ነው፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1813 ተወልደው በ1846 ያረፉት በአካባቢው የነበረው የትራቫንኮር መንግሥት ንጉሥ ስዋቲ ቲሩናል ናቸው። በ33 ዓመት ዕድሜ ሳንስክሪትንና ማላያላምን ጨምሮ በበርካታ ቋንቋዎች ከ300 በላይ ድርሰቶችን ትተው አልፈዋል። ቤተ መንግሥቱንም ያሠሩት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ስሙ የወጣለት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ከተቀረጹት 122 የእንጨት ፈረሶች ነው።

አድማጭነቱን በተመለከተ ከባዶ አይጀምሩም። ሞሃናም የተባለው ራጋ (ራጋ ማለት እንደ እኛ ቅኝት ያለ የዜማ ሥርዓት ነው) አምስቱ ድምፆቹ የእኛው ትዝታ ሜጀር ናቸው፤ ክራርዎን ቃኝተው አብረው ቢሞክሩት ጆሮዎ ወዲያው ይለየዋል። ልዩነቱ ያለው በአካሄዱ ነው፦ ዘፋኙ ግጥሙን ከመጀመሩ በፊት ያለ ከበሮ ራጋውን ድምፅ በድምፅ እየዘረጋ ያስተዋውቃል፤ ይህ ክፍል አላፓና ይባላል። ግጥሙ ሲጀመር ምሪዳንጋም የተባለው ከበሮ ይገባል። ያን ጊዜ እጅዎን ጭንዎ ላይ ያድርጉና አዲ ታላ የተባለውን 8 ምት ይቁጠሩ፦ አንድ ጊዜ በመዳፍ መትተው ከትንሿ ጣት ጀምሮ ሦስት ጣት ይቆጥራሉ፤ ከዚያ መምታትና መዳፍን መገልበጥ፣ ደግሞም መምታትና መገልበጥ ነው። ካህናት በማኅሌት በመቋሚያ ዜማውን እንደሚከተሉት ሁሉ እዚያም በአጠገብዎ ያሉ አዛውንቶች በእጃቸው ሲከተሉ ያያሉ። እኔ የጠፋሁት ሳልቆጥር በቀረሁበት የመጀመሪያው ምሽት ብቻ ነው።

መንገደኛ (ቡራዩ)
ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ ሕንድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ አስቀድመው ይከተቡ። አጠገቡ ያለው የፓድማናባስዋሚ ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነ ሰው አያስገባም፤ ከውጭ አይቶ ማለፍ ይበቃል። በጾም ከሄዱ ደግሞ ሥጋ የሌለበት ምግብ ሞልቷል፤ ነገር ግን ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት አስረግጠው ይንገሯቸው።

ዜማ ወዳድ (ሱሉልታ)
ስለ እናትዎ አንድ ነገር ልጨምር። በዓሉ ሳምንት ያህል ስለሚቆይ ገናን ከእርሳቸው ጋር ውለው በማግስቱ ቢነሡ የመጨረሻዎቹን ምሽቶች ይደርሱባቸዋል። የዓመቱን መርሐ ግብር ግን ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ።

የክራር መምህር (ለገጣፎ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ገናን ቤት እውላለሁ፤ ለእናቴም ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ሞሃናምን በክራር ሞክሬው ልጆቹ ትዝታ ነው ብለው አብረው አዜሙ።