«አናድሮመስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ጥያቄ
ስለ ዓሦች የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ አማርኛ በመመለስ ላይ ሳለሁ፣ ሳልመንንና ስተርጅንን የሚገልጽ «አናድሮመስ» የሚል ቅጽል ደጋግሞ ገጠመኝ። መዝገበ ቃላቴ «ሽቅብ የሚዋኝ» ከማለት አያልፍም፤ ነገር ግን መጽሐፉ በወንዝ ውስጥ ሽቅብ የሚዋኘውን ዓሣ ሁሉ በዚህ ስም አይጠራም። የቃሉን ምንጭና ወሰን የሚያስረዳኝ ቢኖር ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያ መልስ
ቃሉ የግሪክ ነው፤ «አና» ሽቅብ፣ «ድሮሞስ» ደግሞ ሩጫ ማለት ነው። «ድሮሞስ»ን ሳያስተውሉት ብዙ ጊዜ ጠርተውት ይሆናል፤ ሐኪሞች «ሲንድሮም» የሚሉት ቃል ሥሩ ሲፈታ አብሮ መሮጥ ነውና፣ ይኸውም ምልክቶቹ ተያይዘው ስለሚመጡ ነው። ይሁን እንጂ ሥረ ቃሉ ብቻውን እርስዎን የገጠመዎትን ችግር አይፈታም። በሥነ ሕይወት አጠቃቀም ቃሉ የሚያመለክተው ጨው በሌለበት ውኃ ተፈልፍሎ፣ አብዛኛውን ዕድገቱን በባሕር ፈጽሞ፣ እንቁላል ለመጣል ተመልሶ ወደ ወንዝ የሚወጣውን ዓሣ ብቻ ነው።

ሁለተኛ መልስ
ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። ጥርጣሬዎንም የዓሣ ሊቁ ጆርጅ ማየርስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ መልሶታል፦ ከባሕር ሳይደርስ በወንዝና በሐይቅ ውስጥ ብቻ የሚጓዘውን ዓሣ ለይቶ «ፖታሞድሮመስ» ብሎታል፤ «ፖታሞስ» ወንዝ ነውና። በተቃራኒው በወንዝ አድጎ ለመራባት ቁልቁል ወደ ባሕር የሚወርደው «ካታድሮመስ» ይባላል፤ ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እባብ የሚመስለው ኢል ሲሆን፣ የአውሮፓው ዝርያ እስከ ሳርጋሶ ባሕር ድረስ አትላንቲክን አቋርጦ ይሄዳል። እንግዲህ ስሙን የሚወስነው ዓሣው ለመራባት የሚጓዝበት አቅጣጫ ነው እንጂ መዋኘቱ ብቻ አይደለም፤ ሳልመንም እኮ በልጅነቱ ቁልቁል ወደ ባሕር ይወርዳል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ሽቅብ ተጓዥ» ብዬ ብተረጉመው ይበቃል?

ሁለተኛ መልስ ሰጪ
አይመስለኝም፤ «ፖታሞድሮመስ» የሚባለውም ሽቅብ ይጓዛልና አንባቢው ይምታታበታል። ቃሉ መጀመሪያ በሚመጣበት ስፍራ «ለመራባት ከባሕር ወደ ወንዝ የሚወጣ» ብለው ይፍቱት፤ ከዚያ በኋላ «ወንዝ ወጪ» ቢሉት ወይም ግሪክኛውን እንዳለ ቢተዉት አንባቢዎ አይቸገርም። ጮክ ብለው የሚያነቡት ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝኛው ድምፁ ጎላ ብሎ የሚነገረው በሁለተኛው ክፍለ ቃል፣ በ«ና» ላይ ነው።