ነሐስ ሳፈስ የጀበናው ጡት ለምን አይሞላም?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቡና የምትቀዳ ሴት፣ ቁመቷ 18 ሳንቲም፣ በንብ ሰም ቀርጬ በጭቃ መረግኳት። ሰሙ ከነመፍሰሻው (ነሐሱ የሚገባበትን ቦይ ከሚሠራው የሰም ዘንግ ጋር) 180 ግራም ነው። መፍሰሻው አንድ ብቻ ሲሆን ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ጭቃውን 3 ቀን አድርቄ፣ ሰሙን በከሰል አቅልጬ አውጥቼ፣ ወዲያው 1 ኪሎ ተኩል የአሮጌ ሩቢኔት ነሐስ አፈሰስኩበት። ጣቶቿና የጀበናው ጡት አልሞሉም። ጀርባዋ ደግሞ በመርፌ የተወጋ ይመስላል። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ከኮምቦልቻ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ይስተካከላል። መጀመሪያ ነሐሱ አንሶሃል። የሰሙን ክብደት በ9 አባዛው፣ 1,620 ግራም ይመጣል። በጭቃው አፍ ላይ ለሚቀረውና ለሚቃጠለው ጨምረህ 2 ኪሎ አዘጋጅ። መፍሰሻው ከሥራው ወፍራም ቦታ መብለጥ አለበት፤ 4 ሚሊ ሜትሩ ዳሌዋ ሳይሞላ ይረጋል። የጀበናው ጡት ጫፉ ድፍን ስለሆነ አየሩ መውጫ አጥቶ ነሐሱን መልሶታል። ከጡቱ ጫፍና ከጣቶቿ 2 ሚሊ ሜትር የሰም ክር አውጥተህ እስከ ጭቃው ላይኛ ፊት አድርስ። ሲፈስ አየሩ በዚያ ይወጣል።

ሌላ መልስ፦ የጀርባዋ ቀዳዳ ከእርጥበትና ካልተቃጠለ ሰም ነው። ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ፈሶ አለቀ ማለት ግን ጭቃው የመጠጠው ወጣ ማለት አይደለም። አፉን ቁልቁል አድርገህ ቀስ እያልክ አሙቀው፣ ከዚያ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን አግለው። አፉ ውስጥ ጥቁር ጥላሸት እስካየህ ድረስ አታፍስስ። ነሐሱንም ጭቃው ሳይቀዘቅዝ አፍስስ፤ ጣት የሚሞላው በጋለ ጭቃ ነው።

የመጀመሪያው ልባስ ላይ እበት አታብዛ። በጨርቅ የተጠለለ ጭቃ ከደቀቀ ከሰል ጋር በጥብጠህ በብሩሽ 3 ጊዜ ቀባ፣ እያንዳንዱን ጥላ ላይ አድርቅ። እበትና ጭድ ከዚያ በላይ ላለው ነው። በክረምት ደሴ ላይ 3 ቀን ከቶ አይበቃም፤ ሳምንትም ይፈጃል። እርጥብ ጭቃ ላይ የፈሰሰ ነሐስ ይፈነዳል፣ በዚህ አትቀልድ።

ከደሴ፦ ሩቢኔቱን በሞረድ ፋቅ። ውስጡ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፤ ነጣ ያለ ግራጫ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ስለሆነ አትጨምረው። ላስቲኩን አውጣ፣ የሚያብረቀርቀውንም ሽፋን አስወግድ። ነሐስ በ900 እና በ950 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፣ ውስጡ ያለው ዚንክ ግን በ907 ይፈላል። ነጩ ጢስ እሱ ነው። ብዙ ካቆየኸው ዚንኩ እየበነነ ያልቃል። ላዩን በከሰል ስብርባሪና በቁንጥር ቦራክስ (ቆሻሻውን የሚያሟሟ ነጭ ዱቄት) ሸፍነው። የጋለ የብረት ዘንግ ስትነክርበት ነሐሱ ካልተጣበቀበት ደርሷል፣ ወዲያው አፍስስ። ጢሱ ከሰዓታት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። «ወተት ጠጣበት» የሚሉህን አትስማ፣ ውጭ ሆነህ ነፋሱን ከጀርባህ አድርግ።

ሌላ መልስ፦ በጭቃ ፈንታ ጀሶ ብትጠቀምስ? ቶሎ ይደርቃል።

ከኮምቦልቻ፦ ብቻውን አይሆንም እህቴ፣ ይሰነጠቃል። በክብደት እኩል የደቀቀ ሲሊካ (የነጭ አሸዋ ዱቄት) ይቀላቀልበት። ሙቀቱም ከ700 ዲግሪ አይለፍ፤ ካለፈ ጀሶው ድኝ ያለበት ጋዝ ይለቅና የነሐሱን ፊት ያበላሸዋል።

ጠያቂ፦ አላህ ይስጥልኝ። ሰሙን ትቼ በዋንዛ ቀርጬ እዚያው ባቃጥለውስ?

ከደሴ፦ አመዱ ውስጥ ይቀራል፣ ነሐሱም ይበላሻል። ዋንዛውን ቅባት ቀብተህ በሁለት ክፍል ጀሶ ቅርጹን ውሰድ። ጀሶውን ውኃ አጠጥተህ ሰም አፍስስበት፣ ሳይጣበቅ ይወጣል። እንጨቱም ይተርፍልሃል፣ ደግመህ ታወጣበታለህ።