ክርክር፦ የጃፓን ቢላዋ ስንገዛ የምንመርጠው ቀጥቃጩን ነው ወይስ ስለቱን?

ጠያቂዋ፦
በምሠራበት ሬስቶራንት ቀኑን ሙሉ ሽንኩርትና ጎመን ስከትፍ ስለምውል፣ አንድ ጥሩ የጃፓን የእጅ ሥራ ቢላዋ ለመግዛት ወስኛለሁ። የምፈልገው ለብዙ ሥራ የሚሆነውን፣ 210 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን ጊዩቶ ነው። በዋጋ የተቀራረቡ ሁለት ቢላዋዎች ለይቻለሁ፤ አንዱ በፉኩይ ግዛት፣ በኤቺዘን የተሠራና የቀጥቃጩ ስም የተቀረጸበት ሲሆን፣ ሌላው በኦሳካ ግዛት ከምትገኘው ከሳካይ የመጣና የነጋዴው ድርጅት ስም ብቻ ያለበት ነው። የሳካዩን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ስለሚሠራው የእጅ ሥራ ሊባል አይገባውም የሚል ሰው ገጥሞኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

የኤቺዘን ደጋፊ፦
እኔ ያለ ማመንታት የኤቺዘኑን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ተጠያቂነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በኤቺዘን በተከፈተው የታኬፉ የቢላዋ መንደር ቀጥቃጮቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው መሣሪያ ይጋራሉ፤ ሆኖም እያንዳንዱ በሠራው ላይ የራሱን ስም ያኖራል። በአካባቢው የቆየ አንድ ዘዴ አለ፤ ሁለት የጋሉ ስለቶችን ደራርቦ ባንድነት መቀጥቀጥ ነው። ሲደራረቡ ሙቀታቸው ቶሎ ስለማይወርድ፣ ብረቱ ሳይጎዳ እኩል እየሳሳ ይሄዳል። የጃፓን መንግሥት የኤቺዘንን ሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 በባህላዊ ዕደ ጥበብነት ሲመዘግብ፣ ከስለት ሥራዎች ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። በሳካይ ግን እሳት ፊት ቆሞ ላቡን ያፈሰሰው ሰው ተሸፍኖ የነጋዴው ስም ይወጣል። ይህ ለገዢውም ለሠሪውም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

የሳካይ ደጋፊ፦
ስለ ፍትሕ ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ከእሳቱ እስከ ስለቱ አንድ ሰው የሠራው ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለውን ሐሳብ አልቀበልም። ሳካይ ውስጥ አንዱ ብረቱን አግሎ ይቀጠቅጣል፣ ውሃም ያጠጣዋል፣ ማለትም እንዲጠነክር የጋለውን በድንገት ያቀዘቅዘዋል፤ ሌላው በሚሽከረከር ትልቅ ድንጋይ ላይ እየሞረደ ቅርጹንና ስለቱን ያወጣል፤ ሦስተኛው እጀታውን ይገጥማል። ስለት የሚያወጣው ሰው ዕድሜውን ያንኑ አንድ ሥራ ሲሠራ የኖረ ነው። ቢላዋው ሽንኩርት ውስጥ ሳይያዝ ሰተት ብሎ እንዲያልፍ የሚያደርገው ደግሞ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ያለው የብረቱ ቅጥነት ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው የሚወሰነው በሚሞርደው ሰው እጅ ነው። ምርጥ ብረት በሚገባ ውሃ ጠጥቶም ቢሆን እዚያ ላይ ከወፈረ፣ ካሮትን ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። በሌላ በኩል ስሙ የተቀረጸለት ቀጥቃጭም ጠንካራውና ለስላሳው ብረት በፋብሪካ የተጣበቀበትን ዝግጁ ሉህ ገዝቶ ሊሠራ ይችላል፤ ተለማማጆችም ያግዙታል። ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ስሙ ብቻውን ሁሉም የእሱ እጅ ሥራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

የኤቺዘን ደጋፊ፦
ዝግጁ ሉህ ከሆነ በግልጽ ይነገር፤ በዚህ እንስማማለን። ይሁን እንጂ ዛሬ አንዳንድ የሳካይ ሻጮች የቀጥቃጩንም ስለት ያወጣውንም ስም ለገዢ እየገለጹ ነው። ገዢው ይህን ማወቅ ባይፈልግ ኖሮ ባልገለጹት ነበር። ሁለት ሰው ከሠራው የሁለቱም ስም ይቀመጥ፤ የምከራከረው ለዚህ ነው።

የወጥ ቤት ኃላፊ፦
ሁለታችሁም ስለ ሠሪው ስትነጋገሩ ተጠቃሚዋ ተረሳች። እህቴ፣ ከከተማው በፊት ብረቱን ጠይቂ። ከሳካይ የሚመጡ ብዙ ቢላዋዎች በነጭ ቁጥር 2 ብረት የተሠሩ ናቸው። ይህ ብረት ከ1.05 እስከ 1.15 በመቶ ካርቦን ያለው፣ ዝገት የሚከላከል ክሮሚየም ግን ያልተጨመረበት ነው። በድንጋይ ሲሳል ቶሎ እሺ ይላል፤ ስለቱም እጅግ ጥሩ ነው። ግን የሽንኩርት ፈሳሽ ሲነካው ይጠቁራል፣ አዲስ ሲሆንም ሽንኩርቱን ሊያጠቁረው ይችላል፤ እርጥቡን ካስቀመጥሽው ደግሞ ይዝጋል። ቪጂ 10 የሚባለው ብረት ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን ይቋቋማል፤ ለመሳል ግን የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። በየትኛውም ቢሆን የዶሮ አጥንት እንዳትነኪበት። የጃፓኖቹ ጥንካሬ በሮክዌል መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 በላይ፣ የተለመዱት የጀርመን ቢላዋዎች ደግሞ ከ56 እስከ 58 አካባቢ ነው፤ ጠንካራው ስለት አጥንት ላይ ሲጠመዘዝ ይሸረፋል። ለብልት ማውጫ ሌላ ቢላዋ ያዢ።

ጠያቂዋ፦
የኤቺዘኑ ቪጂ 10፣ የሳካዩ ነጭ ቁጥር 2 ነው። ቢላዋዬን ፈረቃ የሚቀይሩኝ ባልደረቦቼም ስለሚያነሡት፣ ሁሉም በየመሀሉ ይጠርገዋል ብዬ መተማመን አልችልም። ስለዚህ ወደ ኤቺዘኑ አዘንብያለሁ፤ የወሰነልኝ ግን ብረቱ እንጂ የተቀረጸው ስም አይደለም።

የሳካይ ደጋፊ፦
በዚህ ምክንያት ከሆነ አልቃወምዎትም። ሆኖም ከመክፈልዎ በፊት ቢላዋው ከእጀታው በኩል፣ ከተረከዙ ወደ ጫፉ ሲታይ የተነሣውን ፎቶ ሻጩን ይጠይቁ። ከጀርባው ወደ ጠርዙ እኩል እየሳሳ የሚወርድ ከሆነ ይግዙት፤ ከጠርዙ በላይ ትከሻ ካበጀ ግን የማንም ስም ቢኖርበት ይተዉት።