ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክን ያበላሸው የልጄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ፊልሙ?

የብሪጊታ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፤ የምጠይቀው ሰው ደግሞ ቤቴ ውስጥ የለም። ባለቤቴ እንደሆነ ፊልም ላይ ሰው መዝፈን ሲጀምር ቻናል ይቀይራል።

ልጄ ትምህርት ቤቷ በሚያዘጋጀው «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ቴአትር ላይ ብሪጊታን ሆና ትጫወታለች። ታሪኩ ማሪያ የምትባል የገዳም ተለማማጅ የአንድ ኦስትሪያዊ ካፒቴን ሰባት ልጆች ሞግዚት ስለምትሆንበት ነው፤ ብሪጊታ ከሰባቱ መሃል መጽሐፍ ከእጇ የማይለየው ናት። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ይህን ፊልም በቃሌ ነው የማውቀው። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሰፈራችን ውስጥ ዴክ የነበራቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። ፊልሙን ከቪዲዮ ቤት ተከራይተን እሳቸው ሳሎን ወለሉ ላይ ተኮልኩለን እናያለን። ረጅም ስለሆነ በሁለት ካሴት ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ሁለተኛውን ሌላ ሰው ወስዶት ይገኛል። ያን ቀን ሠርጉን ሳናይ፣ ማሪያ ሻንጣዋን ይዛ ከቤቱ ስትወጣ እኛም ወደየቤታችን እንበተናለን።

ባለፈው ቅዳሜ ሳምቡሳ ይዤ ልምምድ ላይ ሄድኩ። ነጎድጓዱ መጣ። ልጆቹ ፈርተው ማሪያ አልጋ ላይ ዘለሉ። እኔ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»ን አብሬ ልዘፍን ከንፈሬን አዘጋጅቼ ስጠብቅ፣ ማሪያ ብድግ ብላ የፍየል እረኛውን ዘፈን አትጀምርም መሰላችሁ! ያኛውንማ ቀደም ብላ ገዳም ውስጥ ከእመ ምኔቷ ጋር ዘፍናው ጨርሳለች። የፍየሉ የአሻንጉሊቶቹ ትርዒት ዘፈን አይደል እንዴ? ቀጥሎ ካፒቴኑ ሊያገባት ያሰባት ኤልሳና ወዳጃቸው ማክስ በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቀውን ዘፈን ዘፈኑ። እሱ ሳይበቃ ሌላም ጨመሩ። ማሪያና ካፒቴኑ ፍቅራቸውን ሲገላለጹ የሚዘፍኑትም የማውቀው አይደለም። መምህሯን ጠጋ ብዬ «ተራው ተዛብቷል» አልኳት። ፈገግ ብላ ሳምቡሳ አነሳች።

ሌላም አለ። ማሪያን የምትጫወተው ልጅ አጭርና ደልደል ያለች ናት፤ ድምፅዋ ግን ጣሪያ ያነሳል። ወላጆቹ «ጁሊ አንድሩስን አትመስልም» እያሉ ያንሾካሹካሉ። የሚመርጧት ልጅ ቆንጆ ናት፤ መዝፈኑ ላይ ግን የለችበትም። እውነት ለመናገር እኔም መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ነበርኩ።

እና ጥያቄዬ፦ ትክክለኛው የቱ ነው? ዘፈኖቹን ለምን ያዘዋውሯቸዋል? ለተዋናይ ምርጫስ መልክ ነው ድምፅ የሚቀድመው?

ቦሌ 17

ዘፈን የሚቀነሰው ለሰዓት ነው በቃ። ካፒቴኑ የሚዘፍነውን «ኤደልቫይስ» የሚባል ዘፈን ያልነኩት ደግሞ የኦስትሪያ ብሔራዊ መዝሙር ስለሆነ ነው።

ከመጋረጃ ጀርባ (ሜሪላንድ)

ቦሌ 17፣ ኤደልቫይስ ብሔራዊ መዝሙር አይደለም። የሕዝብ ዘፈንም አይደለም። ሁለት አሜሪካውያን፣ ሪቻርድ ሮጀርስና ኦስካር ሃመርስታይን፣ ለዚሁ ቴአትር የሠሩት ነው። ሃመርስታይን በሕይወቱ የጻፈው የመጨረሻ ግጥምም እሱ ነው። ብዙ ሰው እንዳንተ መሳሳቱ ግን ለደራሲዎቹ ምስጋና ነው።

እህቴ፣ መምህሯ ልክ ናት። ቀድሞ የመጣው ቴአትሩ ነው። የኒው ዮርክ ቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው እንደ ፈረንጆቹ በ1959 ነው፤ ፊልሙ በ1965 መጣ። አንቺ በዴክ ያየሽው ታናሽየውን ነው።

እኔ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት ውስጥ መብራት ላይ ነው የምሠራው። ይህን ሥራ ሦስት ጊዜ አብርቼዋለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ነጎድጓዱ ላይ የፍየሉ ዘፈን መዘፈኑ ዋናው ነው። የሚወዱትን ነገር የሚቆጥረው ዘፈን፣ «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»፣ ደግሞ መድረክ ላይ የማሪያና የእመ ምኔቷ ነው። እመ ምኔቷ ዘፈኑን ከልጅነቷ ታስታውሰዋለች፤ ግጥሙን ግን ረስታዋለች። ማሪያ ታስታውሳታለች፤ አብረው ይዘፍኑና ከዚያ «በይ ሂጂ» ብላ ወደ ካፒቴኑ ቤት ትልካታለች። የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ኧርነስት ሌህማን ይህን አንስቶ ነጎድጓዱ ውስጥ ከተተው። እውነቱን ልናገር? እዚህ ላይ ፊልሙ ይበልጣል። ዘፈኑ ስትፈሪ የሚያስደስትሽን አስቢ ነው የሚለው። ለፈራ ልጅ ነው የሚዘፈነው። እኔ ግን አሮጊቷ መነኩሲት የልጅነት ዜማዋን ስታንጎራጉር ያለችውን ያቺን ደቂቃ እወዳታለሁ። መብራቱን በጣም ዝቅ ነው የማደርገው።

ኤልሳና ማክስ የዘፈኗቸው ሁለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ፊልሙ ላይ ኤልሳ ቆንጆ፣ ሀብታምና ትንሽ ቀናተኛ ናት። ካፒቴኑ ማሪያን እንደሚወድ ሲገባት በክብር ተሰናብታ ትሄዳለች። ቴአትሩ ላይ የሚለያዩት በፖለቲካ ነው! ናዚዎቹ ኦስትሪያን ሊውጡ ነው፤ ኤልሳና ማክስ «የሚመጣውን ማቆም አትችልም፣ አንገትህን ድፋና ኑር» ይሉታል። «ኖ ዌይ ቱ ስቶፕ ኢት» የሚለው ዘፈን ይኸው ነው። ዜማው ጨዋታ ይመስላል፤ የሚለው ነገር ግን ያስፈራል። ካፒቴኑ እምቢ ይላል፤ ጋብቻው እዚያው ይፈርሳል። ፊልሙ ዘፈኑን ሲያወጣ የጠብ ምክንያቱም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ለሰዓት ብቻ ነው የሚባለው አይዋጥልኝም።

የማታውቂው የፍቅር ዘፈን «አን ኦርዲነሪ ካፕል» ነው። አንቺ የምታውቂው «ሳምቲንግ ጉድ» ለፊልሙ ተብሎ የተሠራ ነው። ሃመርስታይን በ1960 ሞቶ ስለነበር ሮጀርስ ግጥሙንም ዜማውንም ብቻውን ሠራው። ማሪያ ጊታሯን አንጠልጥላ መንገድ ለመንገድ የምትዘፍነው «አይ ሃቭ ኮንፊደንስ»ም እንደዚሁ። እሱ ለምን እንዳስፈለገ መብራት ሠራተኛ ጠይቂ። መድረክ ላይ ማሪያ ከገዳም ወደ ካፒቴኑ ቤት የምትሄደው በእኔ ጣት ነው። አጠፋለሁ፣ አበራለሁ፣ ሳሎኑ ውስጥ ናት። ካሜራ ግን አውቶቡሱን፣ መንገዱንና የግቢውን በር ማሳየት ይችላል። ማሳየት ከቻለ ደግሞ እዚያ መንገድ ላይ የምትዘፍነው ያስፈልጋታል።

ወደ መልክና ድምፅ ልምጣ። ብሮድዌይ ላይ ማሪያን የተጫወተችው ሜሪ ማርቲን ስትጀምር 45 ዓመቷ ነበር። ለምንኩስና ገና ተለማማጅ የሆነች ወጣት በ45! ማንም አልከፋውም። ሰገነት ላይ ለተቀመጠ ሰው ፊት የለም፤ ድምፅና አካሄድ ነው ያለው። ካሜራ ግን ሽፋሽፍት ይቆጥራል። ስለዚህ ፊልሙ የ28 ዓመቷን ጁሊ አንድሩስን ወሰደ፤ ደግነቱ መልክም ድምፅም ነበራት።

ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም። «ማይ ፌር ሌዲ»ን መድረክ ላይ ያስነሳችው ይህችው ጁሊ ናት። በ1964 ፊልም ሲሆን የስቱዲዮው ጌታ ጃክ ዋርነር «ፊልም ላይ ማን ያውቃታል» ብሎ ኦድሪ ሄፕበርንን ወሰደ። ሄፕበርን ተለማምዳ ዘፈነች። ከዚያ አብዛኛውን አውጥተው ማርኒ ኒክሰን የምትባል ሴት ድምፅ ተኩበት። ኒክሰን ከዚያ በፊት በ«ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ለናታሊ ዉድ፣ በ«ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» ለዴቦራ ኬር ዘፍናለች። ስሟ ፊልሞቹ ላይ አልተጻፈም። የዚያ ዓመት የሴት ተዋናይ ኦስካር ለማን ደረሰ? ለጁሊ አንድሩስ፣ በ«ሜሪ ፖፒንስ»። ሄፕበርን ዕጩም አልሆነች።

ይህ ታሪክ እኔን ለብቻዬ የሚነካኝ ምክንያት አለው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ድምፄ ተወደደ፤ መልኬ ግን ለመድረክ አይሆንም ተባለ። አንድ ቁመናው ያማረ ልጅ ያልተሰካ ማይክ ይዞ ፊት ይቆማል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ በሌላ ማይክ እዘፍናለሁ። ጭብጨባው ሲመጣ እሱ ጎንበስ ይላል። አንድ ቀን አስነጠሰኝ። እሱ አፉን ከፍቶ ዘፈኑን ቀጥሏል፤ ድምፅ የለም። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የተቆጡት ግን እኔን ነው።

አሁን ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክን መልሰሽ እዪው። መጀመሪያ ላይ መነኮሳቱ ስለ ማሪያ በዘፈን ሲከራከሩ፣ እህት ሶፊያ የምትባለው ማርኒ ኒክሰን ናት። ድምፅዋን የሰማናት ሴት በመጨረሻ በራሷ ፊት መጣች። እዚያው ፊልም ላይ ደግሞ የካፒቴኑን ዘፈን የምትሰሚው ከክሪስቶፈር ፕለመር ጉሮሮ አይደለም፤ ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው።

የብሪጊታ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ቆይ፣ ቆይ። ኤደልቫይስን የዘፈነው እሱ አይደለም?! ጋሼ፣ ልጅነቴን ነው የነጠቁኝ።

ነርሷ (ለንደን)

እኔ ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ድምፅ ድምፅ እያልን ፊልምን ከመድረክ ጋር ባናጣላው።

«ሌ ሚዜራብል»ን እዚህ የለንደን ቴአትር ሰፈር ዌስት ኤንድ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ከ1985 ጀምሮ ለንደን ላይ የሚታይ ሥራ ነው። መድረክ ላይ ፋንቲን የምትባለው ድሃ እናት «አይ ድሪምድ ኤ ድሪም»ን የምትዘፍነው ከፋብሪካ እንደተባረረች ነው። ገና ጸጉሯ ራሷ ላይ ነው፣ ጥርሷም አለ። በ2012ቱ ፊልም ግን ጸጉሯን ከሸጠች፣ ጥርሷን ካስነቀለች፣ ገላዋንም ከሸጠች በኋላ አመጡት። መድረክ ላይ ስሰማው «ወይኔ» ብያለሁ። ፊልሙ ላይ መተንፈስ ነው ያቃተኝ። ግጥሙም ዜማውም ያው ነው፤ ቦታው ነው የተቀየረው።

ፊልሙ ላይ ፋንቲንን የምትጫወተው አን ሃታዌይ ቴአትር ቤት ከሰማኋቸው ሁለቱ ዘፋኞች ጋር በድምፅ አትወዳደርም። አትሞክርምም። ካሜራው ፊቷ ላይ ተተክሏል፣ ንፍጧ ይታያል፣ ቃሉ መሃል ድምፅዋ ይሰበራል። ይህ የሆነው አስቀድሞ ስቱዲዮ ተቀድቶ በፕሌይባክ ስላልተሠራ ነው። ጆሯቸው ውስጥ በተደበቀች ማዳመጫ ፒያኖ እየሰሙ እዚያው ቀረጻው ላይ ነው የዘፈኑት፤ ኦርኬስትራው ኋላ ተጨመረ። ፒያኒስቱ ነው ተዋናዮቹን የሚከተለው። ጸጉሯም የእውነት የተቆረጠ ነው። ኦስካሩን ይገባታል።

ራስል ክሮው ላይ ግን ለጋሼ እጄን እሰጣለሁ። ዣቬር የተባለውን ፖሊስ ሆኖ ጣሪያ ጠርዝ ላይ እየተራመደ ሲዘፍን ይወድቃል ብዬ አልፈራሁም፤ ዜማውን ይስታል ብዬ ነበር የምጨነቀው። ደግሞ እዚያው ፊልም ላይ ጳጳሱን የሚጫወተው ኮልም ዊልኪንሰን የ1985ቱ የለንደን ዣን ቫልዣን፣ ማለትም ዋናው ተዋናይ፣ ነው! ሁለት ደቂቃ ሰጥተው አሰናበቱት።

ከመጋረጃ ጀርባ (ሜሪላንድ)

ነርሷ፣ እጅሽን ተቀብያለሁ። የፋንቲንንም ነገር አልከራከርም። ግን ቀረጻ ላይ በቀጥታ መዝፈን አዲስ አይደለም። «ማይ ፌር ሌዲ» ላይ ዋናው ወንድ ተዋናይ ሬክስ ሃሪሰን ለተቀዳ ድምፅ አፌን አላንቀሳቅስም ብሎ፣ ከረባቱ ውስጥ ገመድ አልባ ማይክ ደብቀውለት እዚያው ነው የዘፈነው። ሄፕበርንን ድምፅዋን ወሰዱባት፤ ለሱ ከረባት ሰፉለት።

ቦታ መቀየር ካነሳን አይቀር ዌስት ሳይድ ስቶሪን እዩ። መድረክ ላይ በፖሊሱ በክራፕኪ የሚቀልዱበት ዘፈን የሚመጣው በሁለት የጎረምሶች ቡድን ጠብ ሁለት ልጆች ከተገደሉ በኋላ፣ በሁለተኛው ክፍል ነው። በመሃሉ እረፍት አለ። ሰው ወጥቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ አብሮት ከመጣው ሰው ጋር አውርቶ ነው የሚመለሰው፤ ቢስቅ አይከብደውም። የ1961ዱ ፊልም ላይ ግን ሬሳው ሳይነሳ ቀልድ ሊሆን ነው። ስለዚህ ቀልዱን ከጠቡ በፊት አመጡት፤ «ኩል» የሚባለውን ውጥረት ያለበትን ዘፈን ደግሞ ወደ ኋላ ወሰዱት። ያለ ሻይ ሰዓት የሚያዘጋጅ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው።

የብሪጊታ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ትናንት ማታ ታየ። ልንገራችሁ።

አጭሯ ልጅ ከካርቶን በተሠራ ኮረብታ ላይ ቆማ አፏን ስትከፍት ከኋላዬ ሲያንሾካሹኩ የነበሩት ዝም አሉ። ጁሊ አንድሩስን አትመስልም። ምንም አትመስልም። ደግሞ የፍየሉ ዘፈን ነጎድጓዱ ላይ ያምራል ለካ! ልጆቹ እየዘለሉ ሲያስተጋቡ ፍርሃታቸውን ይረሱታል። ልጄ መጽሐፏን ጣለች፤ እንድትጥለው አልተባለም ነበር፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ማቆም አትችልም» የሚለው ዘፈን ሲጀምር ባለቤቴ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። መኪና ውስጥ ስንገባ «ያቺ ሀብታሟ ሴትዮ አባቴን ትመስላለች» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አባቱ ሦስት መንግሥት ያገለገሉ ሰው ናቸው።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ያን ጊዜ በኪነቱ የዘፈኑት የተቀረጸ አልቀረም?

ከመጋረጃ ጀርባ (ሜሪላንድ)

ድምፅ የለም። አንድ ፎቶ አለኝ። እሱ ማይኩን ይዞ አፉን ከፍቷል። ከመጋረጃው ሥር የእኔ ሸራ ጫማ ይታያል።