ሪኮሏ ያልተሠራላት መኪና ቦሎ ትከልከል?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ትናንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሻይ ላይ የተነሳ ነው። ፋብሪካው «ጉድለት አለባት፣ አምጡና በነፃ ላስተካክል» ብሎ ይጠራል። ሪኮል የሚሉት ይሄ ነው። ታዲያ ያ ጥገና ያልተሠራላት መኪና ዓመታዊ ምርመራ ማለፍ አለባት? ስድብ የለም። የምርቃና ሰዓት ስለሆነ ረጅም ጽሑፍ ይፈቀዳል።

የሳቢያን ልጅ፦ ትከልከል! የመኪናዬን ዓይነት አልናገርም። ያገለገለች ናት፣ በደላላ ነው የገዛኋት። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ የሻንሲ ቁጥሯን ኢንተርኔት ላይ አስገባሁ። የሹፌሩ ኤርባግ ሪኮል አለበት፣ ታካታ ነው ይላል። አዲስ አበባ አንድ አከፋፋይ ጋ ደወልኩ። «ከእኛ ነው የገዛሃት?» አለችኝ ልጅቷ። አይደለም አልኩ። «እንግዲያው የሸጠልህን ጠይቅ።» ደላላው ስልኩን ቀይሯል። ይኸው በየቀኑ ደረቴ ላይ ፈንጂ ተደግኖ እነዳለሁ።

ባለባጃጅ፦ ታካታ ምንድነው? እኛ እንኳን ኤርባግ በርም የለንም።

መካኒኩ፦ ኤርባግ የሚነፋው በትንሽ ፍንዳታ ነው። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ለዚህ አሞኒየም ናይትሬት ተጠቀመ። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቅበት ይበላሻል። ከዚያ መኪናዋ ስትጋጭ ከመጠን በላይ ይፈነዳና ብረቱን ይበጣጥሰዋል። ስብርባሪው ፊትና አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። በቀላል ግጭት፣ ሰው ወርዶ በሚጨቃጨቅበት ዓይነት ግጭት፣ ሰው ሞቷል። በዓለም ላይ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ የታካታ ኤርባግ ተጠርቷል። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሮላና ቪትዝን ጨምሮ ጠርቷል። ድሬ ውስጥ ስንት ቪትዝ እንዳለ እናንተው ቁጠሩ።

ከሐረር፦ አቦ ሰው አታስፈራሩ! ድሬ ሙቀት እንጂ እርጥበት የት አላት? አሜሪካኖቹ ራሳቸው ቅድሚያ የሰጡት እንደ ፍሎሪዳ ላለው ወበቃም አገር ነው። እኛ ሐረር ደግሞ ብርድ ልብስ ደርበን ነው የምንተኛው።

መካኒኩ፦ ቅድሚያውን ልክ ብለሃል። ግን በተራ በተራ የደረቁንም አገር ጠርተዋል። ደግሞ መኪናህ ሐረር አልተወለደችም። ከመምጣቷ በፊት የት አገር፣ ስንት በጋ ፀሐይ ላይ እንደቆመች ታውቃለህ?

አስመጪ የነበርኩ፦ እኔ አትከልከል ባይ ነኝ። ሰውየው ዕቁብ በልቶ፣ ወርቅ ሸጦ ገዝቷል። ቦሎ ስትከለክለው የት ይሂድ? አከፋፋዩ አልሸጥኩልህም ይለዋል። ዕቃው ገበያ ላይ የለም። ወደ መካኒክ ይሄዳል። መካኒኩ ኤርባጉን ያወጣና ሬዚስታንስ ያስገባበታል፣ መኪናዋ ኤርባጉ ያለ እንዲመስላት የምታደርግ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ናት። ዳሽቦርድ ላይ ያለው የኤርባግ ማስጠንቀቂያ መብራት ይጠፋል። መርማሪው ያያል፣ ንጹሕ ናት፣ እለፍ። እና ምን አተረፍን?

መካኒኩ፦ አልዋሽም፣ ሠርቻለሁ። ፈንጂውን አውጥቼ ባዶውን ገጥሜ ሰጥቻለሁ። ባለቤቱ ለምኖኝ ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ መኪኖች ላይማ ስፈታ ኤርባጉን ጭራሽ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

የደንገጎ ሹፌር፦ እናንተ እርስ በርስ ትበላላላችሁ፣ ፋብሪካው ይስቃል። ኩባንያ ወድዶ አይጠራም ወንድሞቼ። እ.ኤ.አ. በ2004 አላባማ ውስጥ የአንድ ሆንዳ ኤርባግ ፈንድቶ ሹፌሩን አቆሰለ። ሆንዳና ታካታ አንዴ ያጋጠመ ነገር ነው ብለው አለፉት። የመጀመሪያው ሪኮል የመጣው በ2008 ነው፣ እሱም 4 ሺህ ለሚሆኑ መኪኖች ብቻ። ጄኔራል ሞተርስም እንዲሁ ነው። መኪናው እየሄደ ቁልፉ በራሱ ይዞር ነበር፤ ሞተሩ ይጠፋል፣ ኤርባጉም አይሠራም። ውስጥ ያሉት ከ10 ዓመት በላይ ያውቁ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 2014 ድረስ አልጠሩም። ኋላ ካሣ የተከፈለበት 124 ሟች ነው። እነሱ አገር ሕግና ጠበቃ ስላለ ተጠሩ። እኛ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለን የምንጠራው ፋብሪካውን አይደለም፣ ፈጣሪን ነው።

የለገሃሬ እናት፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ያ ቦይንግ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅብን አየር መንገዳችን ምን አደረገ? ኩባንያው አውሮፕላኑ ደህና ነው እያለ፣ በማግስቱ የቀሩትን አቆመ። አሜሪካ የተከተለችው ከቀናት በኋላ ነው።

አስመጪ የነበርኩ፦ እሱ ተቋም ነው እናቴ። አቅም አለው። ባለ ቪትዙ ግን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርስበታል፣ ራይድ ይሠራበታል።

የለገሃሬ እናት፦ ይገባኛል። ለዚህ ነው ቦሎውን ተዉት የምለው። ስም ሲዛወር የሻንሲ ቁጥሩ ይታይና ሪኮል ካለባት ሊብሬው ላይ ይጻፍ። ያኔ ገዢ አውቆ ይገዛል። አዋጅ 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። አዲስ የሚገባው ደግሞ ጉምሩክ ላይ ይታይ።

መካኒኩ፦ በነገራችን ላይ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። የታካታ ችግር ደግሞ ባረጀ ቁጥር የሚብስ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት በየቀኑ ይገባሉ፣ ብዙዎቹ እዚህ ወኪል የላቸውም። ነገ ባትሪያቸው ሪኮል ቢወጣበት ለማን ነው የምንደውለው?

የሳቢያን ልጅ፦ የእናቴን ሐሳብ እቀበላለሁ። ግን ሊብሬ ላይ መጻፍ ብቻውን ኤርባግ አይቀይርም። አከፋፋዩ ከየትም ትገዛ ከየት፣ የዚያ ፋብሪካ ምርት እስከሆነች ድረስ እንዲሠራ ይገደድ። ዕቃውን የሚልከው ፋብሪካው ነው፣ የአከፋፋዩ ኪስ አይነካም።

ከሐረር፦ ቆይ ቆይ። ሊብሬ ላይ ከተጻፈ ዋጋዋ ይወድቃል እኮ! እኔ በሚቀጥለው ወር ልሸጥ ነበር። ማን ይገዛኛል?

የሳቢያን ልጅ፦ እኔ ሳላውቅ ስገዛ ሙሉ ዋጋ ነው የከፈልኩት አቦ።